የሉጎ ምክር ቤት በሰላም ስለ ተበተነበት ቀን

ለክቡር አቶ ጉቱ
የሉጎ ጥምር የወሰን ኮሚቴ ሰብሳቢ
መቱ

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ስኳርዎና ደም ግፊትዎ እንዴት ሰንብተዋል? ወገብዎንም ያምዎታል ሲባል ሰምቻለሁና ፈጣሪ ፈውሱን ይላክልዎ። ዕድሜዎ እንዲረዝም ዘወትር የምጸልይ መሆኔን ጎረቤቶቼ ይመሰክሩልኛል፤ ስለዚያ ቀን ከእኔ እኩል የሚያውቅ ባለሥልጣን ከእርስዎ በቀር በሕይወት ስለሌለ፣ እርስዎ ከሞቱብኝ ከማን ጋር እንደምከራከር አላውቅም።

እኔ በየነች ጭምዴሳ እባላለሁ። በአዲሱ ሰሌዳችሁ ላይ «በሕይወት ያለችው የመጨረሻዋ የሉጎ ምክር ቤት አባል» ተብዬ የተጠቀስኩት ሴትዮ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ሲሆን ያስተማረችኝ ልጄ ገለኔ ጎንፋ ናት፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ስህተት ቢያገኙ ጥፋቱ የተማሪዋ እንጂ የአስተማሪዋ አለመሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ። ገለኔ ራሷ ቀርባ ልታርመኝ አልቻለችም። የት እንዳለች ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

ባለፈው ሰሞን ከኮሚቴዎ የተላኩ ሁለት ትሑት ወጣቶች በባጃጅ ደጄ ድረስ መጥተው የጥሪ ወረቀት ሰጥተውኛል። ከአሮጌው አዳራሽ ጀርባ ያለው ግቢ በሲሚንቶ ተሞልቶ «የወንድማማችነት አደባባይ» እንደሚሆን፣ በምረቃው ዕለትም ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ የባህል ልብስ ለብሼና ሲንቄዬን ይዤ ለቴሌቪዥን አጭር ምስክርነት እንድሰጥ ነገሩኝ። ምስክርነት ከመስጠቴ በፊት ግን ሰው የሚመሰክርበትን ነገር ማወቅ አለበት ብዬ ወደ አዳራሹ ሄድኩና፣ በግድግዳው ላይ ያሠራችሁትን የእብነ በረድ ሰሌዳ በጣቴ እየተከተልኩ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ሰሌዳው ምስጋናዬን ለማቅረብና፣ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ልጄን ከዚያ ግቢ ስለማውጣት ጉዳይ ለማሳወቅ ነው።

ይህ ሁሉም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ሉጎን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ጥቂት ልበል። ሉጎ ከኡካ ከተማ አልፎ ሚኒባስ በማይገባበት በኩል የሚገኝ የጫካ ቡና አገር ነው። የክልሎች ወሰን ሲካለል የወዲህኛውም የወዲያኛውም ክልል ካርታ ሉጎን ቀለም ቀብቶት ተገኘ። እስኪወሰን ድረስ ሕዝቡ በራሱ ምክር ቤት እንዲተዳደር ሁለቱም ፈቀዱ፤ እኛም አሮጌውን የቡና መጋዘን ጠርገን፣ አግዳሚ ወንበር አስገብተን ምክር ቤት አደረግነው። ከነባሩ ሰውም፣ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ከሰፈሩትም ተመረጥን። አፈ ጉባኤያችን የወሎው ሰው ጋሼ ካሚል ነበሩ። እኛ በኦሮምኛ እንጀምራለን፣ እሳቸው በአማርኛ ይጨርሱታል፣ ማንም አስተርጓሚ አልፈለገም። የምንጭ ውኃ ተራ፣ የቀፎ ስርቆት፣ የገበያ ቦታ፣ የባልና ሚስት ጠብ፤ ምክር ቤታችን ያየው ጉዳይ ይኸው ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ሁለቱ ክልሎች ተነጋግረው ሉጎን በወንዙ መሀል ለመሀል ሊካፈሉት ወሰኑና ምክር ቤቱ እንዲያጸድቅላቸው ላኩብን። ወንዙ የሰውን ቤት ከማሳው፣ መስጊዱን ከመቃብሩ ይለያል። ጋሼ ካሚል እጅ እንድናወጣ ጠየቁን፤ ለመከፈል ያወጣ አልነበረም። ከዚያ የሆነውን ሰሌዳችሁ በሚያምር አማርኛ ጽፎታል፤ እኔም ያመሰገንኩበትን ነጥብ በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። «ምክር ቤቱ በአባላቱ ሙሉ ስምምነት በሰላም ተበተነ» ተብሎ ተጽፏል። ስለ «ሙሉ ስምምነት» ከልብ አመሰግናለሁ። በእርግጥም የተቃወመ የለም፤ ለመቃወም አፍ ያስፈልጋል፣ የጋሼ ካሚልን አፍ ደግሞ ታጣቂዎቹ ቀድመው አግኝተውታል። ስለ «ሰላም»ም ቢሆን ቅሬታ የለኝም። ያን ቀን ሁለት ዓይነት መለዮ የለበሱ ታጣቂዎች በአንድ መኪና ተጭነው መጥተዋል። ያን ያህል ዓመት ስለ አንድ ምንጭ እንኳ መስማማት ያቃታቸው ሁለት መንግሥታት አንድ መኪና ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ማየት፣ አንዱ ጥይት ሲያልቅበት ሌላው ሲያበድረው ማየት፣ እውነትም ሰላም ነው። እኛ ባንኖር ኖሮ በምን ትስማሙ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ሁለተኛ። «በሂደቱ የሴቶች ባህላዊ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ተከብሯል» ይላል። ይህ እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነም ነው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያቃጠለኝ።

ሲንቄ ምን እንደሆነ ለክቡርነትዎ አላስረዳም፤ እናትዎ እትዬ ዶሪ በሠርጋቸው ቀን የተቀበሉትን እስኪሞቱ ድረስ ከራስጌያቸው አቁመውት ነበር፣ አውቃለሁ፣ ጎረቤታቸው ነበርኩ። ለሌላው አንባቢ ግን፣ ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው። ያገባች ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆመች ጠቡ ይቆማል፤ መሬት ላይ ካጋደመችው ወንድ አይሻገረውም። የተሻገረ ሰው ከብቱም ዘሩም አይባረክለትም ይባላል።

መኪናው መምጣቱን ስንሰማ የሉጎ ሚስቶች ከየቤታችን ሲንቄያችንን ይዘን ሮጥን፤ ከአዳራሹ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አጋደምናቸው፣ እኛም ከኋላቸው ቆምን። የጋሼ ካሚል ባለቤት ሳሊሐ የወሎ ልጅ ስለሆነች ሲንቄ የላትም፤ ዘነዘናዋን ይዛ መጥታ ከእኛ በትር አጠገብ አስተኛችው። አንዱ ታጣቂ ሳቀና «እትዬ፣ ይህማ የወጥ ቤት ዕቃ ነው» አላት። «ተሻገረውና የምን ዕቃ እንደሆነ ታየዋለህ፣ ልጄ» አለችው፤ ሳቁን ዋጠው። ልጄ ገለኔ ገና አላገባችም ነበር። ያላገባች ሴት ሲንቄ ስለሌላት በበሩ ላይ ቦታ የላትም፤ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊም ስለነበረች ከአባላቱ ጋር ውስጥ ቀረች። እኔም የምክር ቤት አባል ብሆን ያን ሰዓት ሚስትነቴ በልጦ በሩ ላይ ነበርኩ። በሕይወት ያለሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባጫ የሚባል የኡካ ልጅ ጠመንጃውን ደቅኖ እስከ ደፉ መጣና ቆመ። አዛዡ «ምን ይገትርሃል?» ብሎ ጮኸበት። ባጫም «ጌታዬ፣ ሲንቄ ነው፤ ሚስቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፣ እኔ አልሻገርም» አለው። ሌሎቹም የአካባቢው ልጆች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አዛዡ ከወዲያኛው በኩል የመጣ ሰው ነበርና ነገሩ አልገባውም፤ በትሮቹን ረግጦ ሊያልፍ እግሩን አነሣ።

ያኔ ነው ክቡርነትዎ ከመኪናው ወርደው ክንዱን የያዙት። ወጣት ነበሩ፣ አዲስ ኮት ለብሰው ነበር። «የእትዬ ዶሪ ልጅ ደረሰልን» ተባባልን፤ እልል ሊያመልጠን ምንም አልቀረውም። ወደ እኛ ጎንበስ ብለው «እናቶቼ፣ አይዟችሁ፣ ሲንቄያችሁን የሚነካ የለም» አሉን፤ ቃልዎንም ጠበቁ። አዛዡን ወደ ጎን ወሰዱትና በእጅዎ የአዳራሹን ጀርባ አሳዩት።

የኋላው ግድግዳ ጭቃ ነበር። ከመኪናው ላይ መጥረቢያ ወረደ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ባህላችንን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ በትሮቹን ይረግጥ ነበር፤ ቢረግጥ ደግሞ ባጫና ጓደኞቹ ምን ያደርጉ እንደነበር አይታወቅም፤ ምናልባት ጠመንጃው ይዞር ነበር። ሲንቄ የተጋደመበትን በር መሻገር ነውር መሆኑን፣ ግድግዳ ግን በር አለመሆኑን፣ ይህን አስተካክሎ ሊያውቅ የሚችለው በሲንቄ ሥር ያደገ ልጅ ብቻ ነው። እናትዎ ያስተማሩዎትን በሚገባ ስለተጠቀሙበት አመሰግናለሁ።

መጥረቢያው ማገሩን ሲበጥስ እኛ በበሩ በኩል ምን እንደሆነ አልገባንም። ከዚያ ጋሼ ካሚል ከውስጥ በስብሰባ ድምፃቸው «ጉባኤ ላይ ነን፤ ለመናገር የሚፈልግ ተራውን ይጠብቅ» ሲሉ ሰማን። የመጀመሪያው ጥይት አፋቸውን መታው። ሳሊሐ ባሏ ዝም ማለቱን ሰምታ ተንበረከከች። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበሮቹ ሲገለባበጡ፣ ሰዎች እርስ በርስ ሲረጋገጡ፣ በሰደፍ የሚመታ አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማን። ዞረን የተዘጋውን በር ልንከፍት ስንገፋ ከውጭ ያሉት ታጣቂዎች አፈሙዝ ጀርባችን ላይ ደቀኑብን፤ ሲንቄዎቹን ግን እየተጠነቀቁ አልነኩም። ገለኔ «አዮ» ብላ ጠራችኝ፤ በእኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። ደገመችው። ሦስተኛው በመሀሉ ተቆረጠ።

ደሙ በበሩ ሥር ወጥቶ ደፉን ሞላውና ወደ እኛ ወረደ። ያን ቀን ሲንቄያችንን የተሻገረው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ። «የአዳራሹ የኋላ ግድግዳ በዝናብ ጉዳት ደርሶበት በኮሚቴው ታድሷል» ይላል። ወሩ ጥር ነበር። በጥር እኛ ዘንድ ቡና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ግድግዳውን በብሎኬት ስላሳደሳችሁት እናመሰግናለን፤ ከእንግዲህ በመጥረቢያ አይበገርም።

አራተኛ። ሰሌዳው ስለ ጉድጓዱ ምንም አይልም፤ ለዚህም ትሕትናችሁ ምስጋና ይድረሳችሁ። አንዳንድ ሰው በሠራው ሥራ ይኩራራል። ከአዳራሹ ጀርባ መጋዘኑ የቡና ገለባ የሚጥልበት ትልቅ ጉድጓድ ነበር። ሬሳዎቹን በገቡበት ቀዳዳ በእግራቸው እየጎተቱ አውጥተው እዚያ ጣሏቸው፤ ከመካከላቸው ገና የሚያቃስት ነበር። የዚያን ዓመት ገለባ በላያቸው ገፉበት፤ ገለባው ውስጥ ውስጡን እየጤሰ ሰነበተ፣ ሽታው ቤታችን ድረስ ገብቶ ከልብሳችን አልለቀቀም። ወደ ግቢው የቀረበ ሰው ይተኮስበት ነበር።

ተኩሱ ሲቆም ልጄን አውጥቼ ልቅበር ብዬ ፈቃድ መጠየቅ ጀመርኩ። የወዲህኛው ቢሮ ጉድጓዱ በወዲያኛው ካርታ ላይ ነው አለኝ። የወዲያኛው ቢሮ ደግሞ መሬቱ አከራካሪ ስለሆነ ሁለቱም ወገኖች በተገኙበት ካልሆነ አንድ ዶማ አይነሣበትም አለኝ። አንድ ጸሐፊ፣ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ብዕሩን አንሥቶ «እትዬ፣ ልጅዎ ሲሞቱ የየትኛው ክልል ነዋሪ ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእኔ ቤት» አልኩት። እንዲህ ያለ ክልል የለም አለኝ። ገለኔ ከዚያ ወዲህ ከገለባው ሥር ሆና ወሰኗ እስኪለይ ስትጠብቅ፣ እኔም በሁለት ክልል መካከል ጫማ ስጨርስ ኖርን። አሁን ግን ስለ ሲሚንቶ ስሰማ ለካስ ሁለቱም ወገኖች ተገኝተዋል አልኩ። ለመቆፈር ያልተስማማችሁት ለመድፈን ተስማምታችኋል።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ከጻፍኩት በላይ የሚጻፍ ቅሬታ ስላጣሁ፣ በቀረው ቦታ ያደረግነውን ለክቡርነትዎ ሪፖርት ላድርግ።

ባለፈው ማክሰኞ አሸዋውና ሲሚንቶው ግቢው ውስጥ ሲራገፍ፣ ከዚያን ቀን የተረፍን የሉጎ ሴቶች ዶማና አካፋ ይዘን ገባን። ሳሊሐ ወገቧ ስለጎበጠ ተቀምጣ በእጇ ነበር የምትቆፍረው። የግቢው ዘበኛ መጥቶ ፈቃድ እንዳለን ጠየቀን። ሳሊሐም ቀና ብላ «የቀበሯቸው ሰዎች ፈቃድ ያወጡበትን ቢሮ አሳየን፤ እኛም ከዚያው እናወጣለን» አለችው። ዘበኛው ጥቂት አሰበ፣ ሲጋራ ልግዛ ብሎ ሄደ፣ እስካሁን እየገዛ ነው።

ገለባው በስብሶ ጥቁር፣ ለም አፈር ሆኗል፤ ለአደባባዩ አበባ ብትተክሉበት ጥሩ ይይዝላችኋል። የታችኛው መንጋጋ የደቀቀውን የራስ ቅል ሳሊሐ እቅፏ ውስጥ አስገባችው፤ «ደግሞ ዝም በል አሉህ?» አለችው እንጂ አላለቀሰችም። ባጫም ነበር። የዚያን ቀን ማታ መለዮውን ጥሎ የሄደው ባጫ ሽበት አውጥቶ፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ፣ ከጉድጓዱ ወርዶ ስንቆፍር ዋለ። ማናችንም አላናገርነውም፣ ማናችንም ውጣ አላልነውም።

ልጄን ያገኘኋት በጫማዋ ነው። ኮንጎ ጫማ አይበሰብስም። ማሰሪያው ተበጥሶባት በሽቦ የሰፋሁላት እኔ ስለሆንኩ ስፌቱን አውቀዋለሁ። የራስ ቅሏ ከኋላ በኩል ተበስቷል። የሚተኩሱት ከኋላው ግድግዳ በኩል ነበሩ፤ ስለዚህ ፊቷ ወደ በሩ ነበር ማለት ነው። ወደ እኔ እየመጣች ነበር ማለት ነው። ይህን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

በመሆኑም በምረቃው ዕለት የተዘጋጀልኝን የፊት ወንበር ለሌላ እንግዳ እንድትሰጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በዚያኑ ዕለት ጋሼ ካሚልን ከወገኖቻቸው ጋር ወደ እስላሙ መቃብር፣ ገለኔን ከቀሩት ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን እንወስዳለን። መንገዱ አንድ ስለሆነ በመድረካችሁ ፊት ማለፋችን አይቀርም። ንግግርዎን ማቋረጥ አያስፈልግዎትም፤ የሙዚቃ ጓዱም ቢፈልግ ይንፋ። የምንጠይቀው የመኪናዎቹን ማቆሚያ ወደ ዳር እንድታደርጉልን ብቻ ነው፤ ሳጥኖቹን የምንሸከመው አሮጊቶች ስለሆንን መጠማዘዝ ይከብደናል።

ሰሌዳውንም በተመለከተ አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ከጽሑፉ ሥር ባዶ ቦታ ስላየሁ የሟቾቹን ስም በምስማር ጻፍኩበት። እብነ በረድ አስቸጋሪ ነው፣ ፊደሎቼ ተንጋደዋል፣ የምስማሩ ዝገትም ይዟቸዋል፤ ግን ይነበባሉ። የክቡርነትዎንም ስም አልረሳሁም። ከነሱ ጋር ባንድ ረድፍ ማድረግ የሚገባ ስላልመሰለኝ ለብቻው፣ ከግድግዳው የጎን ጫፍ፣ ቀዳዳው በነበረበት ትይዩ አድርጌዋለሁ።

ጋሼ ካሚል ያን ቀን የሞቱት ስብሰባውን ሳይዘጉ ነው። በደንባችን መሠረት አፈ ጉባኤው ያልዘጋው ስብሰባ እንደተከፈተ ይቆያል፤ የቀረችውም አባል ቦታዋን አትለቅም። ስለዚህ ምክር ቤቱ ተበትኗል የሚለውን ለመቀበል እቸገራለሁ፤ በዚህ የተነሣ ለሚደርስብዎት መጉላላት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይናጋ እንቅልፍና ብርቱ የማስታወስ ችሎታ እየተመኘሁ፣

ከምርጫ በኋላ ማንም ድምፅ ሰጥቶ ያላወረዳት፣
የሉጎ ምክር ቤት አባልና ለጊዜው ብቸኛ ምልዓተ ጉባኤ፣
በየነች ጭምዴሳ፣ የገለኔ እናት

ማስታወሻ፦ ከአጥንቶቹ መካከል ጥይቶችም ተገኝተዋል። የመንግሥት ንብረት እጄ ላይ እንዲቀር ስለማልወድ አጥቤ በጨርቅ ቋጥሬያቸዋለሁ። የትኛው የየትኛው ክልል እንደሆነ መለየት ግን አልቻልኩም፤ ማካለል የእናንተ ሙያ ነውና ከወዲያኛው ወገን ጋር ተቀምጣችሁ ተካፈሏቸው። ከልጄ ራስ ውስጥ የወደቀውን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ እሱን በመልእክተኛ አልሰጥም፣ ክቡርነትዎ ራስዎ ቤቴ መጥተው ይውሰዱ።